ስለ ወክ፦ በኮርንዎል ጠረፍ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

መግቢያ

አንድ ቤተሰብ ለዕረፍት ከለንደን ተነሥቶ፣ አምስት ሰዓት ያህል ነድቶ ኮርንዎል ይገባል። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ገደል አፋፍ ላይ አቁሞ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲዞር ውሎ፣ ማታ እዚያችው መኪና ዘንድ ይመለሳል። የወጣለት ገበያ የለም፤ የጠየቀው ዘመድ የለም፤ የተሳለመው ደብር የለም። ለቅሶም አልነበረበትም። እንዲህ ያለው ጉዞ ሳይመረመር መቅረቱ ስላሳሰበን ይህን ጥናት አዘጋጅተናል።

የጥናቱ ስፍራ

ስፍራው ሳውዝ ዌስት ኮስት ፓዝ የሚባለው የእግር መንገድ ነው። ሰመርሴት ውስጥ ካለችው ማይንሄድ ይነሣና ዴቨንንና ኮርንዎልን ዞሮ ዶርሴት፣ ፑል ወደብ አፍ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 1,014 ኪሎ ሜትር ነው። ቤተሰቡ ከዚህ ውስጥ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ቆርሶ ይወስዳል።

የተጓዦች አሰላለፍ

ከመኪና ወርደው ብዙም ሳይሄዱ፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ በጦር ሜዳ ደንብ ይሰለፋሉ። ከፊት ፊታውራሪው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው፤ ካርታው በእጁ ነው። ከኋላ ደጀኗ አለች፤ ስንቁ፣ የዝናብ ልብሱና የልጆቹ ሹራብ በጀርባዋ ነው። ፊታውራሪው ዳገቱን ቀድሞ ይጨርስና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ባሕሩን እያየ ይጠብቃል። ደጀኗ እያለከለከች ስትደርስ «መጣችሁ? በሉ እንቀጥል» ብሎ ይነሣል። ከዚህ አንድ ሕግ አግኝተናል፦ በወክ ላይ ያልደከመው ያርፋል፤ የደከመው ይቀጥላል።

የጊዜ ስሌት

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ ቀመር አወጣ። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። ፊታውራሪው በዚህ ይምላል። ኔይስሚዝ ያላሰበው በሩን ነው። በየእርሻው ወሰን ላይ ሰው እንዲያልፍ፣ ከብት እንዳያልፍ የተሠራ በር አለ፤ ግማሽ ክብ በሆነ አጥር ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሻንጣ ያዘለ ሰው ገብቶ በሩን ሊያዞር ሲል ሻንጣው አጥሩ ላይ ይቀረቀራል። ወደኋላ ይወጣል፤ ሻንጣውን ያወልቃል፤ በአጥሩ አናት ያሻግራል፤ ራሱም ይከተላል። ከማዶ ላሞቹ ቆመው ያያሉ። በዚህ ጊዜ ፊታውራሪው ሩቅ ነው።

የዳገት ሒሳብ

ወደ ባሕሩ የሚወርዱት ወንዞች ጠረፉን ሸንሽነውታል። ስለዚህ መንገዱ ገደል አናት ላይ ወጣ፣ ከባሕሩ አፍ ወረደ፣ እንደገና ወጣ ነው። ከዳር እስከ ዳር ያለው ዳገት ሲደመር ከ35,000 ሜትር ያልፋል፤ አራት ኤቨረስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሆኖም መጀመሪያውም መጨረሻውም ባሕር ዳር ነው፤ የተጣራ ከፍታ፦ ዜሮ። ቤተሰባችንም ወደ መኪናው ተመልሷል፤ የተጣራ ርቀት፦ ዜሮ። ይህን መዝገብ ያየ ኦዲተር የት እንደሚደርስ የታወቀ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ትርፉን ለማግኘት ታሪክ መመርመር ግድ ሆነ። መንገዱን የረገጡት ሽርሽር ወዳጆች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1822 የተቋቋመው የጠረፍ ጥበቃ ሰዎች ናቸው። ኮንትሮባንዲስቱ ብራንዲና ትምባሆ የሚያወርድበትን ስርጓጉጥ ሁሉ በዓይን ማየት ስለነበረባቸው አቋራጭ አልተፈቀደላቸውም፤ ተጓዡ ዛሬም አቋራጭ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከእነርሱ በፊት የነበሩት የቀረጥ ሰዎች ደግሞ አብዝተው የሚያሳድዱት ሻይ ነበር። ቀረጡ 119 በመቶ ደርሶ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1784 ወደ 12.5 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ሻይ በጨለማ ይገባ ነበር። ለዚህ ሁሉ ፍለጋ መንግሥት ደመወዝ ይከፍል ነበር። ዛሬ በዚሁ ገደል፣ በዚሁ ነፋስ የሚሄደው ሰው ከፋይ ነው፤ ለማደሪያም ለመኪና ማቆሚያም።

ግኝት

ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም አሰላለፉ ይገለበጣል። የደከመችው ደጀን በድንገት ከፊት ትታያለች፤ ፊታውራሪው «ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀረናል» እያለ ከኋላ ይከተላል። መንደሩ ውስጥ ሻይ ቤት ተገኝቷል። ሻይ በማንቆርቆሪያ፣ ስኮን፣ ማርማላታና ወፍራም ክሬም ይቀርባል። ኮርንዎል ማርማላታውን ያስቀድማል፤ ከታማር ወንዝ ማዶ ያለው ዴቨን ክሬሙን። በቅደም ተከተሉ ላይ በሁለቱ አውራጃዎች መካከል እርቅ አልወረደም፤ ቤተሰባችን ግን ስለ ቅደም ተከተል ሳያነሣ ጨርሶታል።

ምክረ ሐሳብ

የተሸሸገ ሻይ የሚፈልግ መንግሥት ደመወዝተኛ ከሚያሰማራ ዕረፍት የወጣ ቤተሰብ ቢልክ ያዋጣዋል። ፊታውራሪው እስካለ ድረስ ሳይታይ የሚቀር ስርጓጉጥ የለም፤ ደጀኗ እስካለች ድረስ ደግሞ የሚታለፍ ሻይ የለም።