እናት ዶሮ፦ ቴክኒካዊ ግምገማ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር በስፋት የሚሠራበት የእንቁላል ማስፈልፈያ ላባ አለው፤ ሲነኩትም ይነቁራል። ቀንና ሌሊት ሥራ ላይ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ጥሬ ለመልቀምና ውሃ ለመጠጣት ይነሣል። ይህ የምሳ ዕረፍት ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ያጠረ መሆኑ በዚህ ግምገማ ተመዝግቧል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለቤቲቱ እንቅብ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ከ10 እስከ 15 እንቁላል ትደረድርና ዶሮዋን ታስታቅፋለች። ዶሮዋም የሆዷ ላባ ረግፎ ባዶ ቆዳዋን እንቁላሉ ላይ ታሳርፋለች፤ ሽሉ ከቅርፊቱ እንዳይጣበቅም በመንቁሯ እየገፋች ታገላብጠዋለች። በ21ኛው ቀን ገደማ እንቅቡ መንጫጫት ይጀምራል።

ተፎካካሪው ማሽን ለዚሁ ሥራ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የማይናወጥ ሙቀት፣ የውሃ ሳህን፣ ማገላበጫ ሞተርና የማይጠፋ መብራት ይጠይቃል። በ18ኛው ቀን ማገላበጡ ቆሞ እርጥበቱ መጨመር አለበት። መብራት ሲሄድ ባለቤቱ ይሮጣል።

እርግጥ ማሽኑ በአንድ ጊዜ መቶም ሺህም እንቁላል ይይዛል። ሐሳቡም የዛሬ አይደለም፤ ግብፆች ከ2,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ያለ ዶሮ ሲያስፈለፍሉ፣ ኋላም በጭቃ ጡብ ምድጃ ሲሠሩ ኖረዋል። የምድጃው ባለሙያ ቴርሞሜትር አልነበረውም፤ እንቁላሉን የዐይኑ ቆብ ላይ አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካ ነበር። ዛሬ ማሽን የግድ የሆነው በሌላ ምክንያት ነው፤ እንደ ሌግሆርን ያሉት እንቁላል ጣይ ዝርያዎች መታቀፍ እንዲተዉ ተደርገው ተመርጠዋል።

የሀበሻ ዶሮ ግን አልተወችም፤ የአስተዳደር ችግሩም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በቡሬ ወረዳ የመንደር ዶሮን ያጠኑ ሰዎች አንዷ በዓመት የምትጥለው 60 ገደማ መሆኑን መዝግበዋል። ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ጫጩት አሳድጋ እስክትጨርስ ሁለትና ሦስት ወር እንቁላል የለም። ስለዚህ እንቁላል በተፈለገ ጊዜ ታቃፊዋ ትቀጣለች፦ ጎጆዋ ይፈርሳል፣ ጎረቤት ቤት ትዛወራለች፣ አፍንጫዋ ላይ ላባ ይሰካል፣ ሲብስም እግሯ ታስሮ ቁልቁል ትሰቀላለች። ጥፋቷ ሥራ መውደድ ነው።

ቅጣቱ ግን ወቅት ያያል። ክረምት ላይ ጫጩት በብርድ ያልቃል፤ ከብርድ የተረፈውን ሸለምጥማጥ ይጨርሰዋል። ከጥቅምት በኋላ ነገሩ ይሻላል፤ ሐምሌ ላይ የምታሰቅል ጠባይ ኅዳር ላይ ታስመሰግናለች።

ከማሽን የወጣው ጫጩት በእናት ፈንታ አምፖል ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜም የፈንግል ክትባቱን ወስዶ 45 ቀን ገደማ ሲሞላው ወደ ገበሬው ይሄዳል፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ የሚጠራው የለም። አምፖል ክንፍ አይዘረጋም።

ማሽን ለመግዛት ያሰበ አንባቢ አስቀድሞ ጄኔሬተር ይግዛ። ያልቻለ ታቃፊ ዶሮ ከጎረቤት ይዋስና ኅዳርን ይጠብቅ።