በማመሳቀል ማባዛት በአባቶች ምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ሲተገበር

የጥናቱ ዳራ

ሦስት ቁጥሮች ይታወቃሉ፤ አራተኛው ጠፍቷል። የሰው ልጅ ይህን ጠፊ ማሰስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህሞስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ የገለበጠው ፓፒረስ የዳቦ ልውውጥን ይጠይቃል። ከአንድ መስፈሪያ እህል 10 የሚወጣው ዓይነት 100 ዳቦ፣ ከአንድ መስፈሪያ 45 በሚወጣው ዓይነት ቢለወጥ ስንት ይሆናል? መልሱ 450 ነው። ዩክሊድ በ«ኤለመንትስ» ሰባተኛ መጽሐፍ፣ በ19ኛው ንድፈ ሐሳብ፣ አራት ቁጥሮች ወደረኛ ከሆኑ የዳርና የዳሩ ብዜት ከመሐልና ከመሐሉ ብዜት ጋር እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ህንዳዊው ብራህማጉፕታም እ.ኤ.አ. በ628 ሦስት የታወቁ ቁጥሮች አራተኛውን እንዴት እንደሚወልዱ ደነገገ። ከዚህ ሁሉ ድካም ለተማሪ የደረሰው ሁለት ቃል ነው፦ «ክሮስ አድርገው!»

ተማሪው ያደርገዋል። የእኩልታው ግራና ቀኝ በሁለቱም ታህቶች ሲባዛ ታህቶቹ እንደሚጣፉና መስቀለኛው ብዜት ብቻ እንደሚቀር የሚነግረው ካገኘ ዕድለኛ ነው። ካላገኘም መልሱ ያው ነው፤ ስለዚህ ማንም አይጨነቅም።

የጥናቱ ዘዴ

ናሙናዎቹ የተወሰዱት ከሥነ ቃል ነው። አባቶች ቁጥር ከጠሩ ቆጥረው ነው የሚል ቅድመ ግምት ተይዟል።

ግኝት አንድ፦ ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

መረጃው የተሟላ ነው። ለአንድ ብርቱ 2 ሰው ካስፈለገ ለ7 ብርቱዎች ስንት ያስፈልጋል? ተመሳቅሎ ሲባዛ 14 ይሆናል። በተጓዳኝም ማንኛውም ተራ ሰው የብርቱ ግማሽ መሆኑ በስሌት ተረጋግጧል፤ ይህ ለብዙዎቻችን ከተጠበቀው በላይ ነው። ስሌቱ ያላካተተው 14ቱ ሰዎች ብርቱዎቹን ከመግጠማቸው በፊት ሰብሳቢና ጸሐፊ ለመምረጥ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ነው።

ግኝት ሁለት፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

አጥኚው በተለመደው መንገድ አንድ ሰው 50 ሎሚ ከያዘ 50 ሰው ስንት ይይዛል ብሎ አመሳቀለ። ውጤቱ 2,500 ሎሚ ሆነ። ማባዛቱ እንከን የለውም። ይሁን እንጂ በዚህ ውጤት መሠረት ሃምሳዎቹም ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 ሎሚ ተሸክመዋል፤ ያጌጠ አንድም የለም። አባቶች ያሉት ሎሚው ሳይጨምር ሰው ሲጨምር ነው። ይህ ኢርቱዕ ወደር ይባላል፤ አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላው ይገመሳል። እዚህ የሚባዛው ሰውና የሰው ድርሻ ነው፤ ብዜቱም ምንጊዜም 50 ነው። በዚህ መንገድ ለእያንዳንዱ አንድ ሎሚ ደርሶት ጌጥነቱ ተረጋግጧል።

አንድ ጥያቄ ግን ክፍት ነው። ሰዎቹ 25 ቢሆኑ ድርሻቸው ሁለት ሁለት ነው፤ 10 ቢሆኑ አምስት አምስት። ሸክም የሚያበቃው፣ ጌጥ የሚጀምረው በስንተኛው ሎሚ ላይ ነው? አባባሉ ሁለቱን ዳርቻ ወስኖ መሐሉን ለተተኪው ትውልድ ትቶታል።

ግኝት ሦስት፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

የአንበሳው ብዛት አንድ ነው። የድሩ ብዛት አልተገለጸም። ለሁለት አንበሳ የሚበቃው ድር የአንዱ እጥፍ መሆኑ ቢታወቅም፣ የምን እጥፍ እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። ወደ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ድር ይዞ ለመስክ ሥራ የሚሰማራ ረዳት አጥኚ አልተገኘም።

ግኝት አራት፦ የማነጻጸሪያ ናሙና ከመማሪያ መጽሐፍ

አራት ሠራተኞች አንድ ጉድጓድ በ6 ቀን ይቆፍራሉ። ስምንት ቢሆኑ በ3 ቀን፣ 24 ቢሆኑ በአንድ ቀን ይጨርሳሉ። የሥራ ቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ 11,520 ሠራተኞች ጉድጓዱን በአንድ ደቂቃ ይቆፍሩታል። ስሌቱ ሦስት ጊዜ ተፈትሾ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የሚቆሙበት ቦታ በጥያቄው ውስጥ አልተሰጠም።

ማጠቃለያ

በማመሳቀል ማባዛት ራሱ አይሳሳትም። ደግሞም አይጠይቅም። በሁለቱ ክፍልፋዮች መካከል ያለችውን የእኩል ምልክት ያሰመረው ሰው ነው፤ ጠመኔው ከመመሳቀሉ በፊት ነገሩ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ያንን ውሳኔ፣ ትክክልም ይሁን ስህተት፣ በታማኝነት እስከ መጨረሻው ማድረስ ነው። በዚህ ጠባዩ በብዙ መሥሪያ ቤት ተፈላጊ ሠራተኛ በሆነ ነበር።

ምክረ ሐሳብ

ማንኛውም ተማሪ ከማመሳቀሉ በፊት «ይኸኛው እጥፍ ቢሆን ያኛውስ?» ብሎ ይጠይቅ። እጥፍ ከሆነ ርቱዕ፣ ግማሽ ከሆነ ኢርቱዕ ነው። ሁለቱም ካልሆነ እርሳሱን ያስቀምጥ።

ቀጣዩ ጥናት በ14 አጥኚዎች እንዲካሄድ ይመከራል። ባጠረ ጊዜ ያልቅ እንደሆን ወይም የገጹ ብዛት ይጨምር እንደሆን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ያለ አንዳች ጥርጥር በርቱዕ ወደር የሚያድገው የውሎ አበሉ ነው።