መሪው የፊት ነው፤ የኋላውን ማን ይያዘው?

ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ «ፊት እሰርልኝ» የማይል ባለመኪና ብርቅ ነው። ባለቪትዟ፣ ባለኮሮላውና ሚኒባስ ነጂው በሌላው ሁሉ ቢጣሉ በዚህ ይስማማሉ። ክሪኩ ገብቶ ቡሎኑ እስኪፈታ ድረስ በጎሚስታ ደጅ የሚወረወረውን ሁሉ እዚሁ ልመልስ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ አዲሱ ጥንድ የሚታሰረው ኋላ ነው።

ባለቪትዟ፦ «መኪናዬ በፊት እግሯ ነው የምትሄደው። አዲሱን ለሚለፋው እግሯ ብሰጥ ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ ለሚለፋው ሰጠሽ፤ ለሚጥልሽስ ምን አስቀረሽለት? የፊቱ ይጎትታል፣ የኋላው መስመር ያስይዛል። መስመር ከሳቱ በኋላ መጎተት ገደል ያስገባል እንጂ ቤት አያደርስም።

ባለቪትዟ፦ «ፊቱ ከተንሸራተተ ታዲያ በምን ላዙራት?»

መልስ፦ ፊቱ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ መሪው እጅሽ ላይ ቅልል ይላል፤ መኪናዋ አልዞርም ብላ ቀጥ ትላለች። እግርሽን ከነዳጁ ላይ ስታነሺ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ጎማው አስፋልቱን መልሶ ይይዛል። ኋላው ሲንሳፈፍ ግን መሪሽ ቀድሞ አይነግርሽም። ጭራዋ ትወጣለች፣ መኪናዋ ትሾራለች፣ የመጣሽበትን መንገድ ፊት ለፊት ታዪዋለሽ። ለኋላ ጎማ መሪ የሠራልሽ የለም።

ሚስጥሩ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። የአዲስ ጎማ ጥርስ ጥልቀቱ 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጎማው የረገጠው ውኃ በጥርሱ መሃል ባለው ቦይ ይወጣል። ጥርሱ ሲያልቅ ቦዩም ያልቃል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል። አዲሱን ፊት፣ ያለቀውን ኋላ ያሰረ ሰው ደግሞ የባሰ ይገጥመዋል። በሐምሌ ዝናብ ቀለበት መንገድ ላይ ውኃ የያዘ ኩርባ ሲያገኝ ፊቱ ሸርተት ሳይል ይገባለታል፤ መሪው ጠንካራ፣ ልቡ ሙሉ ነው። በዚያው ፍጥነት ያንኑ ኩርባ ቀጥሎ የሚገባው ግን መላጣው ነው። «የኋላ ኋላ አይቀርም ዱላ» የሚባለው ይሄኔ ነው።

ባለኮሮላው ጋሼ፦ «እኔ ልጄ በእርጋታ ነው የምነዳው። ሠላሳ ዓመት ስነዳ ተንሸራትቼ አላውቅም።»

መልስ፦ ጋሼ፣ እርጋታዎን አከብራለሁ። ግን የሚረጉት እርስዎ ነዎት፤ መንገዱን ዘሎ የሚያቋርጠውን በግ ማን ያረጋጋዋል? ፍሬን ሲረግጡ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፣ ኋላው ይቀልላል። በቀለለ ኋላ ላይ መላጣ ጎማ ይጨመርበት?

ጋሼ፦ «የፊት ጎማ ከፈነዳ ነው ጉዱ ሲባል የሰማሁት።»

መልስ፦ የፊቱ ሲፈነዳ መሪው ይጎትትዎታል፣ እርስዎም አጥብቀው ይይዙታል። የኋላው ሲፈነዳ ግን ምኑን ይይዙታል?

ሚኒባስ ነጂው፦ «የእኛ ሃያስ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው። ይሄ እኔን አይመለከተኝም፣ ወንድሜ።»

መልስ፦ አንተንማ ሁለት ጊዜ ይመለከትሃል። የሚገፋህም የሚያሾርህም ኋላህ ነው። ተሳፋሪውንስ የጫንከው የት ሆነና?

ሚኒባስ ነጂው፦ «እሺ፣ ያለቀውን ፊት አስሬ ልጨርሰዋ!»

መልስ፦ ያለቀ ጎማ ቦታው ፊትም ኋላም አይደለም። በጥርሶቹ መሃል፣ ቦዩ ወለል ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ ከጉብታው እኩል ሲሆን ጎማው የምናለሽ ተራ በረባሶ ሠሪዎች ሲሳይ ነው። እዚያ ሰው ይጫማዋል፤ አንተ ጋ ሰው ይጥላል።

ጎሚስታው፦ «እንዲህ ከሆነ ፊቱ ሁልጊዜ ያረጀ ጎማ ሊይዝ ነው!»

መልስ፦ ካላቀያየርክ፣ አዎ። ጎማ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎሜትር ቦታ ይለዋወጣል። መኪናው በፊት እግሩ የሚጎተት ከሆነ የፊቶቹ በየጎናቸው ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የኋላዎቹ ተሻግረው፣ ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ፣ ፊት ይመጣሉ። በኋላ የሚገፋ ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው፦ የኋላዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለው ጎማ ግን ጎን አይሻገርም፤ በዚያው ጎኑ ፊትና ኋላ ብቻ ይለዋወጣል።

ጎሚስታው፦ «ያዝኩህ! ስናቀያይር የተበላው ኋላ መምጣቱ አይደለም እንዴ?»

መልስ፦ በጊዜው ካቀያየርክ የአራቱ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሳትነካቸው ቆይተህ ከተራራቁ ግን ጥርስ ያለውን ጥንድ ኋላ ተወው። በጊዜው ያቀያየረ ሰው አራቱም አብረው ያልቁለታል፤ አራት አንድ ላይ ይገዛል፤ «የት ልሰረው?» የሚለው ጥያቄም ይቀርለታል።

ጎሚስታው፦ «በቃ፣ አቀያየርኩ፣ ጨረስኩ።»

መልስ፦ መች ጨረስክ! ፊትና ኋላ የሚፈልጉት ንፋስ ሊለያይ ይችላል። ልኩ ሾፌሩ በር አጠገብ ተጽፏል፤ ጎማው ሳይሞቅ ለክተህ አስተካክል። ቡሎኑን በመስቀለኛ አጥብቅ፤ ደንበኛህንም ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ነድቶ ተመልሶ እንዲያስጠብቅ ንገረው።

ባለቪትዟ፦ «የእኔ የፊቶቹ ውስጥ ውስጡን ተበልተዋል። ኋላ ወስደን ብንሸሽጋቸውስ?»

መልስ፦ እነሱን ትሸሽጊያለሽ፤ በምትካቸው ፊት የሚመጡትንስ ምን ሊያተርፋቸው? አንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ አላይመንት አሳዪ። መሃሉ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል፤ ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ንፋስ አንሶታል። መጀመሪያ የሚበላውን አስቁሚ፣ ከዚያ አቀያይሪ።

ሻጩ፦ «አዲስ ነው እኮ! የ15 ምርት!»

መልስ፦ በማን አቆጣጠር? ጎማው ጎን ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱም የፈረንጅ ነው። 2215 የሚል ጎማ የተሠራው በእኛ ግንቦት 2007 ነው። ጥርሱ ያልተነካ ቢሆን እንኳ ላስቲኩ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል። ገዢ ሆይ፣ ከዋጋው በፊት ቁጥሩን አንብብ።

ጋሼ፦ «እሺ ልጄ፣ ኋላ ይታሰር። ግን ጎሚስታው የኋላዎቹን ፊት ለማምጣት ሥራው እጥፍ ነው፣ ጨምር ይለኛል።»

መልስ፦ ይጨምሩለት፣ ጋሼ! ጎማውን የገዙበት ብር ያው ነው፤ የሚጨምሩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የልጅ ልጆችዎን የት ነው የሚያስቀምጧቸው? ኋላ። እንግዲያው አዲሱንም እነሱ ያሉበት ያሳስሩላቸው።