ሰንበት የምታከብር መኪና

ለአዲስ አበባ ሰው የባሕር ሽርሽር ማለት ቀድሞ ምጽዋ ወርዶ በቀይ ባሕር ጨው መታጠብ ነበር፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ባሕሩ የጎረቤት ስለ ሆነ፥ ዕረፍት ያማረው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጣና ይመጣል፤ መጥቶም፥ ቢልሃርዝያ አለ ስለሚባል ውኃው ውስጥ ሳይገባ፥ የጉማሬው ጠባይ አይታወቅም ስለሚባል ዳር ዳሩንም ሳይደፍር፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ የተጠበሰ ቆሮሶ ከነእሾሁ እየለቀመ፥ ባሕሩን በዓይኑ ብቻ ዋኝቶ ይመለሳል። እኔና ባለቤቴም እንዲሁ አደረግን። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን፥ በቡናው ጫካ መካከል አቀበቱን ወጥተን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕላት ተሳለምን፤ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት ስለማይገባበት እኔ ብቻዬን ወርጄ አባቶችን ሳነጋግር፥ እርስዋ ከባለጀልባው ጋር ቀርታ ስለ ገዳሙ ከእኔ የበለጠ ተምራ ጠበቀችኝ።

የመመለሻው ቀን ሲቃረብ ሌላው እንግዳ ስለ ሻንጣው ሲያስብ እኛ ስለ ሶኬት ማሰብ ጀመርን። መኪናችን፥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ በኋላ የገዛናት፥ ከቻይና መጥታ እስከ ዛሬ በቻይንኛ ብቻ የምትናገር የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ ቀበቶ ስንረሳ ትቆጣለች፥ በር ስንከፍት ትመክራለች፤ ባለቤቴም የሰማችውን ሁሉ እንደ ተግሣጽ ቆጥራ፥ በትሕትና «እሺ» እያለች ትመልስላታለች።

ከሆቴሉ ግድግዳ ቻርጅ ስናደርጋት አንድ ነገር ተገለጠልኝ። የጣና ውኃ፥ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ከምድር በታች ተጉዞ፥ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን የጣና በለስ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል፤ ያው ውኃ ደግሞ የበለስን ወንዝ ተከትሎ ዓባይ ውስጥ ይገባና በሕዳሴው ግድብ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ መብራት ይመነዘራል። እንግዲህ እግራችንን እንኳ ያልነከርንበትን ባሕር በባትሪ ቋጥረን ልንሄድ ነው አልኋት ለባለቤቴ፤ «ጉማሬው ካልተከተለን ደግ ነው» አለችኝ።

ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ፥ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሾፌሮች ጠይቀን (በዚህ ዘመን በመንገደኛ ዘንድ ከጸሎተ ሃይማኖት ቀጥሎ የሚደገመው ይኸው ጥያቄ ነው) በማለዳ ተነሣን። መራዊና ዳንግላ ያለ ሐሳብ አለፉ፤ የእንጅባራ አቀበትና ብርዱ ግን ከባትሪው ዐሥራት አውጥተው ወሰዱ፤ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ዓርብ መሽቷል፥ የቀረንም ኃይል ዓባይ በረሃን የሚያሻግር አልነበረም።

የቀድሞ መንገደኛ በመሸበት ቤት ለበቅሎው ገብስና ድርቆሽ ይለምን ነበር፤ እኔም በአንዲት የእንግዳ ማረፊያ ደጅ ቆሜ ሶኬት ለመንሁ። ባለቤቲቱ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነው» ብላ ገመዱን በወጥ ቤቷ መስኮት አስገባችልን፤ ነገር ግን ለሰንበት የሚሆን እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን ባበራች ጊዜ፥ መኪናና ምጣድ በአንድ ቆጣሪ አንስማማም አሉና ብሬከሩ ወደቀ። አነሣችው፤ ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው ወገቧን ይዛ ብቅ አለችና «ጋሼ፥ መኪናዎን አልጠላኋትም፤ ነገር ግን ሊጤ ቀድሟታል» አለችኝ። ፍርዱ ርቱዕ ስለ ነበረ ይግባኝ አላልሁም፤ የመጨረሻው እንጀራ ወጥቶ ምጣዱ ሲጠፋም፥ የእኛ ተራ ደረሰ ባልንበት ቅጽበት መብራት ሄደ።

ሲነጋ መጣ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፥ የግድግዳ ሶኬት በሰዓት ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ እየቆነጠረ ሲሰጠው፥ ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ ከአንድ መዓልትና ከአንድ ሌሊት ይበልጣልና፥ ቀዳሜ ሰንበትን በግድ አከበርን፤ በእሑድም፥ ከተማዋ መንቆረር የሚለውን የቀድሞ ስሟን በለቀቀችለት በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አስቀደስን። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሠርተው ሁለቱ ሰንበታት አብረው እንዲከበሩ ማስወሰናቸውን አነብ ነበር፤ ሥርዐቱን በእኔ ላይ የምታጸና ከቻይና የመጣች መኪና ትሆናለች ብዬ ግን አልጠረጠርሁም። ሒሳብ ስጠይቅ ባለቤቲቱ ኪሎ ዋት የሚባለውን ትታ «እኔ የማውቀው በምጣድ ነው» ብላ የሁለት ቡሖ ጋገራ አስከፈለችኝ።

ከደጀን በኋላ፥ ከ1,000 ሜትር በሚበልጠው የዓባይ ቁልቁለት፥ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸው እየሸተተ ሲያቃስቱ፥ የእኛዋ ሞተር ወደ ዲናሞነት ተለውጦ ኃይል መለሰልን፤ ዝቅ ያለ እንደሚከብር ወንጌል የሚያስተምረው ነገር በመቶኛ ተቈጥሮ በመስተዋት ላይ ሲጻፍ አየሁ። ጃፓን የረዳችበትን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ግን ያው ቍጥር እንደ ገባ ወጣ፤ ባለቤቴ ማቀዝቀዣውን አጠፋች፥ ሬዲዮኑን አጠፋች፥ ቀጥሎም ለጎረቤት ስጦታ ይሁን ብዬ የገዛሁትን የዘጌ ቡና በክፉ ዐይን ተመለከተችው።

ቡናው ተረፈ። ፍቼን አልፈን ከሱሉልታ የእንጦጦን ጀርባ ወጥተን ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ፥ ቍጥሩ እንደ ገና ወደ ላይ ፈቀቅ ሲል ያየችው ባለቤቴ «ይህን ያህል ካተረፈች፥ ነገ ደግሞ ወጥተን ለምን አንወርድም?» አለችኝ፤ መኪናይቱም በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«እሺ» አለቻት።