ካኪ የለበሰ ጭስ

የዓለምን ጭስ የሚመዝነው ሚዛን ምን ያህል ይሉኝታ እንደሚያውቅ ለማየት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ከሚገኝባት ከናይሮቢ የተሻለ ከተማ አይገኝም። በከተማዋ ዳርቻ የምትኖር አንዲት እናት አሮጌ የከሰል ምድጃዋን በተሻሻለ ብትቀይር፣ ያተረፈችው ከሰል ተሰልቶ የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር አለመውጣቱን የሚመሰክር ሰነድ፣ ይወጣበትና ባሕር ማዶ ላለ ኩባንያ ይሸጣል፤ ዘመን አመጣሹ ምድጃማ ስንት ሰዓት እንደተጣደበት ራሱ በኢንተርኔት ያሳብቃል።

የጦር ጄት ግን ጨዋ ነውና እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኪዮቶ ድርድር ለዓለም አቀፍ ጉዞ የሚቀዳው የጦር አውሮፕላንና መርከብ ነዳጅ ከአገሮች ድምር ወጣ፤ የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት ደግሞ የሠራዊትን ጭስ ማሳወቁን ለየአገሩ በጎ ፈቃድ ተወው፤ በጎ ፈቃዱም እምብዛም አልተገኘም። ስለዚህ በ2022 ተመራማሪዎች የሠራዊቶች ድርሻ ከዓለም በካይ ጋዝ 5.5 በመቶ ገደማ ነው ብለው መገመት ነበረባቸው፤ ምድጃ ይቆጠራል፣ ጦር ይገመታል። በ2021 ከናይሮቢ በስተሰሜን በሎልዳይጋ የእንግሊዝ ወታደሮች ሲለማመዱ የተነሣው እሳት ከ10 ሺህ ኤከር በላይ ሲያነድ፣ ነዋሪዎቹ ጭሱ ጎዳን ብለው ፍርድ ቤት መሄዳቸው የዚህን ሥርዓት ወግ ካለማወቅ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

በመስከረም 2023 የኬንያ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ራሳቸው እየነዱ ወደ አፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ደረሱ፤ ከጉባኤው የወጣው የናይሮቢ መግለጫም በነዳጅ ንግድ፣ በመርከብና በአቪዬሽን ላይ የካርቦን ግብር እንዲጣል ጠየቀ፤ ካኪ ለባሹን ነዳጅ ግን በስሙ መጥራት ነውር ሆኖበት አለፈው። በግንቦት 2024 በዋሽንግተን ጉብኝታቸው ሁለት ስጦታ በአንድ ሳምንት ተሰማ፦ አንደኛው ማይክሮሶፍትና የኤምሬትሱ ኩባንያ ጂ42 በኦልካሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎት እናቋቁማለን ያሉት የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዳታ ሴንተር፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ቀን ከሌት መብራት የሚጠጡበት ሕንፃ፣ ሲሆን ሁለተኛው ለኬንያ ጦር የሚሰጡ 16 ሄሊኮፕተሮች ናቸው። የመጀመሪያው ንጽሕናው በየመድረኩ ተነገረለት፤ የሁለተኛውን ጭስ የጠየቀ የለም።

እንግዲህ ማታቱ፣ ያ በሥዕልና በሙዚቃ ያጌጠው የናይሮቢ ሚኒባስ፣ በጥቁር ጭሱ ዘወትር ከሚወቀስ ካኪ ተቀብቶ እንደ ተጠባባቂ ጦር ቢመዘገብ፣ የሪቨር ሮድ ጎዳና አየር በአንድ ሌሊት በሰነድ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስል መንገደኛም የመከላከያ ምሥጢር በማውጣት ይጠየቃል።