ደካማን ድንጋይ ለማሸከም የሚሆን ምክር

ወደ ቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አዲስ የገባህ ልጄ ሆይ፤ ምክሬን ባትጠይቀኝም፣ የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳይነሣ በፊት፣ በካርቱም አበሻ በሚበዛበት በጀሪፍ ሰፈር፣ ቡና አፍልታ ከምትሸጥ ከአንዲት የወሎ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን ጥበብ ይዤ ወደ መቃብር መውረድ ንፉግነት ስለመሰለኝ፣ እነሆ ጻፍሁልህ።

አስቀድመህ ሥርዓቱን እንዳላነበበ ሰው ሁን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ጉልበት ያለው ለአንድ ነፍስ በወር 5 ቀን ተቆጥሮበት እርከን እየካበ ያን ጊዜ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል እንዲቀበል፣ ሽማግሌው፣ ድውዩና አካለ ስንኩሉ ግን የሚሠራለት ሰው ከሌለው ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዳ፣ ነፍሰ ጡርም ከሸክም እንድታርፍ ይደነግጋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም እንደተጻፈው ከሆነ ያንተ ሥልጣን በምን ይታወቃል?

ለኅሊናህ ጥቅስ ብትሻ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክት መብል የከለከለው ሊሠራ ለማይወድ ነውና፣ «የማይወድ» የሚለውን «የማይችል» ብለህ አንብበው፤ አንዲት ቃል ናት፣ ማን ያያታል? መጻጉዕ አልጋውን የተሸከመው ከ38 ዓመት ደዌው ከተፈወሰ በኋላ ነው ብሎ የሚከራከርህ መሪጌታ ከተገኘም፣ እኛ ዘንድ ፈውሱ ከሸክሙ በኋላ ይመጣል በለው።

ለምርመራው ሐኪም አያስፈልግህም። ደካማ ነኝ የሚለው ራሱ ቀርቦ እንዲያመለክት እዘዝ፤ አቀበቱን በምርኩዝ ወጥቶ ከደረሰ፣ እስከዚህ የመጣ እግር እስከ እርከኑም አያንሰውምና ድንጋይ ይሸከም፤ ካልደረሰ ግን ቀርቷልና ከመዝገብ ይሰረዝ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ባልጣለው ሰዓት ተመልከተው። ዕውሩን ቆፍር አትበለው፣ ጭካኔ ይሆናል፤ ዘንቢል ያዝ በለው። የቅሬታ ሰሚዎቹ ነገር አያሳስብህ፤ ጎረቤቶችህ ናቸው።

የምክሬ ዋና ግን ውጭ አገር ያለ ልጅ ነው። የዚያች የቡና ሻጭ እናት፣ ወገባቸው የጐበጠ ባልቴት፣ ከቀጥታ ድጋፍ ወጥተው ወደ ድንጋዩ የተላኩት «የካርቱም ልጅ አላቸው» ተብሎ ነበር። የካርቱሟ ልጅ በዚያ ሳምንት ፖሊሶች በአፈሳ፣ በአገሬው ቃል በከሻ፣ ጀበናዋንና ከሁለቱ በቀር በርጩማዎቿን ሁሉ ጭነው ስለወሰዱባት፣ ከጐረቤት በተዋሰችው ጀበና ትቀዳልን ነበር። ከእናቷ ጋር የምትነጋገርበትን ስልክ ዘግታ ስኒውን ስታቀብለኝ፣ «እማዬ እኮ ገንዘብ አልጠየቀችኝም፤ ልጅ የለኝም ብዬ ልማልላቸው ወይ ነው ያለችኝ» አለች። አንተ አትታወክ፤ «ረዳት አላት» ብለህ ጻፍ፣ ካርቱም ብትነድም አትሰርዘው።

እናቲቱ በበሽሎ በኩል እርከን የሚክቡት አፈሩ ወደ ዓባይ እንዳይወርድ ነው። ያመለጠው ደለል ጀሪፍ ሲደርስ ከወንዙ ዳር ተዝቆ ጡብ ሆኖ ይተኰሳል፤ የልጅቱም የከሰል ምድጃ በሁለት ጡብ ላይ ተቀምጦ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱን ጡቦች በእናቲቱ ንብረት ላይ መመዝገብ አትርሳ።