አክተሩ የትኛው ነው?

ሰበታ ውስጥ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት ከለጠፈ ሱቅ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚቀመጠው ልጅ የሰፈሩ የፊልም ዳኛ ነው። ፍርዱ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ «አሪፍ» ወይም «ቀሽም»። ደንበኛው ፍላሹን ሲያቀብለው ቀና እንኳ ሳይል «ቁጥር አንዱን ውሰድ፤ ቁጥር ሁለቱ ቀሽም ነው» ይለዋል።

እንዲህ ከተፈረደባቸው አንዱ «ናርኒያ» ቁጥር ሁለት፣ በሙሉ ስሙ «ልዑል ካስፒያን» ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1951 ታተመ፤ ፊልሙ በ2008 ወጣ። ያዘጋጀው «ሽሬክ»ን ከሠሩት አንዱ የሆነው አንድሪው አዳምሰን ነው። ወደ 225 ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰበት። በ2005 የወጣው ቁጥር አንዱ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ሁለተኛው 420 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ፤ ዲዝኒም ከሦስተኛው እጁን አወጣ። የሰበታው ልጅ ግን ይህን ሁሉ ሒሳብ ሳያይ ነው የፈረደው።

ዋናው ክስ አክተሩ አለመታወቁ ነው። ቪዲዮ ቤት ላደገ ሰው ፊልም ማለት አክተርና ቦስ ነው፤ አክተር አይሞትም፣ ቦስ ደግሞ መጨረሻ ላይ በአክተሩ እጅ ይወድቃል። እዚህ ፊልም ላይ ግን ከእንግሊዝ ወደ ናርኒያ ከመጡት አራት ልጆች ታላቁ ፒተርና ልዑል ካስፒያን «አዛዡ እኔ ነኝ» እያሉ ሲናቆሩ ያመሻሉ። ከኋላ ወንበር «አክተሩ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ የሚመልስ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ቦሱን ንጉሥ ሚራዝን የሚገድለው ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም፤ ከራሱ መኳንንት አንዱ ነው። የመግቢያ ይመለስልን ቢባል የሚያስኬድ ክስ ነው። ደግሞም ተመልካቾቹ አልተሳሳቱም፦ በመጽሐፉ ፒተር ገና ካስፒያንን ሲያገኘው ዙፋኑን ሊያስረክበው እንጂ ሊሻማው እንዳልመጣ ይናገራል። ጠቡን የጨመሩት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ታዳጊ የተለጠፈውን በዓይኑ ለየው ማለት ነው።

አንበሳው አስላንም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ይህን ግን የከተማ ዳርቻ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል፤ አንበሳ የተሳለበትን አውቶቡስ ሲጠብቅ ያደገ ነው።

በአንድ ነገር የመጽሐፉ ወዳጆችና ቪዲዮ ቤቱ አይስማሙም። ሌሊት የሚራዝን ግንብ የሚወሩበት ረጅም ውጊያ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ አንባቢዎች ያማርሩበታል። ቪዲዮ ቤቱ ግን የበሬ ራስ ያለው ያ ግዙፍ ፍጡር የሚወርደውን የብረት በር በትከሻው ደግፎ ጓደኞቹን ሲያስወጣ፣ በመጨረሻም ሲደቅቅ፣ ጸጥ ይላል። ፊልሙን ቀሽም ያለው ልጅ ሳይቀር ይህችን ትዕይንት ለብቻ ቆርጦ ስልኩ ላይ ይዟታል። እውነትም፣ ለእሷ ሲባል ሌላው ይማርለት ያሰኛል።

ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ማዶ ባለ አንድ ቤት፣ ፊልሙ ሰላማዊ ነው ተብሎ ለቤተሰብ ተከፈተ። መጨረሻው ላይ የፒተር እህት ሱዛን ካስፒያንን ትስመዋለች፤ ይህም ሉዊስ ያልጻፈው ጭማሪ ነው። አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጃቸውን «ውሃ አምጪልኝ» አሏት። ሙሉ ብርጭቆ ፊታቸው ነበር።

ሱሉልታ ላይ የፈረዱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፊልሙ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልስላቸዋል። አራቱ ልጆች እንግሊዝ አገር አንድ ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ናርኒያ ላይ 1300 ዓመት አልፎ፣ ቤተ መንግሥታቸው ፈርሶ መገኘቱ ምንም አልደነቃቸውም። ሁለት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የመጣች የጎረቤት ልጅ ድርቆሽ ይታጨድበት በነበረው ሜዳ ላይ ቪላ ተሠርቶ አግኝታለች። ሱሉልታም ብትሆን ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች።

ሽማግሌውን ያስቆጣቸው የአስላን ውሳኔ ነው። ፒተርና ሱዛን አድገዋልና ወደ ናርኒያ አይመለሱም፤ ታናናሾቹ ግን ይመለሳሉ።

«ታላቁ ከርስቱ ተነቅሎ ታናሹ የሚቀርበት በየት አገር ነው? ይግባኝ አላሉም?»

«ቁጥር ሦስት ላይ ይታያል፣ አባባ» አለ ልጁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ቁጥር ሦስት ላይ ሁለቱ ለአፍታ ብቅ ብለው እንደሚጠፉ ያውቃል፤ ግን አልተነፈሰም።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «እንግዲያው አሁኑኑ ክፈተው፤ ውሳኔውን ሳልሰማ አልተኛም።»